ሦስተኛው የቅኔ ቤት

ኅዳር 7

አባየ መጡልኝ። ከቁሐር እስከ ወረታ በባጃጅ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ከግቢያቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ክረምቱን ሁሉ “ጎርፉ ይጉደል” ሲሉ ከረሙ። ጎርፉ ጎድሎ ሩዙ እየታጨደ ነው፤ ሰበቡ አለቀባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ሲያስቡ ልባቸው ይመታል። ለምን እንደሆነ አይናገሩም።

ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ሰላም ዘንድ ወሰድኳቸው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት። ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሳለች፦ ሐሳብ፣ ስሜት፣ ድርጊት። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይጎትታል፣ አንዱ ሲነሣም ያነሣቸዋል አለች። አባየ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ጉልቻ ይመስላል አሉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ደግሞ ወጥ አያጣፍጥም። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አየሁ፣ እሷ ሳቀች። ትዕግሥቷን ያብዛላት።

ኅዳር 8

ዛሬ ክርክር ሰንቀው ሄዱ። ነፍስ አንዲት ስትሆን ሦስትነት አላት አሏት፦ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። የምታስብ፣ የምትናገር፣ የምትኖር። አንች በሣልሽው ላይ የምትናገረዋ የት አለች?

ሲስተር ሰላም አልተከራከረችም።

“ከሦስቱ የታመመችው የትኛዋ ናት፣ የኔታ?”

ልመልስላቸው አፌን ከፍቼ ከንፈሬን ነከስኩ።

“የምትናገረዋ” አሉ።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። ለሰኔ ሚካኤል ዘአምላኪየ ያቀርቡ ነበር፤ ሦስት ቤት፣ ማለት ሦስት ስንኝ፣ ያለው ቅኔ ነው። ባለቅኔው ቤቱን በቃል ይነግራል፣ ተቀባዩ በዜማ ለሕዝብ ያሰማል። ሁለቱን ቤት ለተቀባዩ ለመሪጌታ ጥበቡ ነገሯቸው። ሦስተኛው ጠፋ። ላብ አጠመቃቸው፣ ግድግዳ ይዘው ወጡ። ለእኛ ያሉን ምች መታኝ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ስቆብኛል ብለው ነው ለካ ክረምቱን ቤት የዋሉት!

እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ በሴቶች በኩል። የጎደለ ነገር አልሰማሁም። ይህን ብነግራቸው ግእዝ መች ታውቂና አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሲስተር፣ ሕዝቡ ስቆብኛል የሚለው ሐሳብ እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ አለች። የሚያውቁትማ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። አባየ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ክረምቱን ሲጠይቋቸው በመጡ ቁጥር እማየን “ተኝቷል በያቸው” እያሉ ያስመለሷቸው ሰው ናቸው።

ኅዳር 9

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ዘንድሮ አባየ ለቅኔ ካልቆሙ ተማሪዎቻቸው አኩፋዳቸውን አንግተው ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳሉ። ያኔ በምን ይነሣሉ? ያለ ተማሪ አባየን ማሰብ አልችልም።

ክፍል ገብቼ የአጭር ልቦለድ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ አስተማርኩ። አንዷ ተማሪዬ መካከሉ ላይ የቆመ ታሪክስ ምን ይባላል አለችኝ። ያላለቀ ይባላል አልኳት። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ነገ ቁሐር እሄዳለሁ።

ኅዳር 10

ለአባየ ሳልናገር ቁሐር ሄድኩ። መሪጌታ ጥበቡን ሩዝ አውድማ ላይ አገኘኋቸው፣ ጥምጥማቸው ገለባ ለብሷል። መጀመሪያ ተቆጡኝ። ደጅ ጠንቼ ጠንቼ እንደ ለማኝ ተመለስኩ አሉ። ስለ ሰኔው ስጠይቃቸው ግን መንሹን ተከሉት።

“ሦስተኛውን ቤት እኔ ሞላሁት፣ ልጄ። ዜማው በእኔ አፍ አይደል፣ ማን ይለየዋል? ሕዝቡ የየኔታ ቅኔ ብሎ እልል ብሎ ነው የሄደ። እሱን ልነግራቸው ነበር የምመላለስ።”

ገለባው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ንዴትም አለበት። አንድ ክረምት ሙሉ!

ኅዳር 11

ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ምን ብሎ ሞላው? መሪጌታ አስጠንተውኝ ነበርና እየተንተባተብኩ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

“ከእኔው ይሻላል” አሉ። ቀጥለው ነጠላዬን እጠቢልኝ አሉኝ።

ሲስተር ሰላም ደወለች። ልባቸው መምታቱ አይቀርም፣ ይምታ፣ ብቻ ጥለው አይውጡ አለች። ከሰዓት ሁለታችንም ወደ ቁሐር ተመለስን። ነጠላው በመንገድ ደረቀ።

ኅዳር 12

ቆሙ!

ከሴቶች በኩል አንገቴን አስግጌ አየኋቸው። የመጀመሪያውን ቤት ነገሩ፣ መሪጌታ ተቀበሉ። ሁለተኛውን ነገሩ። ከዚያ ዝም። የእማየን እጅ ጨበጥኩ። አባየ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ መሪጌታ ጥበቡ ዞሩና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። መሪጌታ ጥቂት ጠብቀው ሦስተኛውን ቤት አዜሙት። እልልታው ቀለጠ። አንድ ቃል ሳይገባኝ እኔም እልል አልኩ።

ስንመለስ በታጨደው ማሳ መካከል ጠየቅኋቸው፣ ረስተው ነው ወይስ አውቀው ተዉላቸው? አባየ መሪጌታን አዩ፣ መሪጌታ ጭቃውን አዩ።

“ልቤማ መታ” አሉ አባየ። “እየመታ ቆምኩ።”

ሌላ መልስ አላገኘሁም፣ ይቅርብኝ። ተመስገን፣ ሚካኤል። ሲስተር ሰላምንም ባርክልኝ። ሁለቱ ቀደም ቀደም ብለው ስለ ሦስተኛው ቤት እየተከራከሩ ሄዱ፤ ይህ ቃል አይገባም፣ ይገባል እየተባባሉ። የአባየ ድምፅ እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።