ቀይ ክር በያኮች ጆሮ

ሰኔ 9

ነፋስ። ቁርስ በሶ፣ ምሳ በሶ። የማታ ትምህርቱን ስንጨርስ መምህሩ «በየቀኑ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል» ስላሉ ይኸው እጽፋለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ጉርሜት ነኝ። ስድስት ነበርን። አንዷ ወልዳ ቀረች፣ አንዱ ሰሌዳው አይታየውም... ቢሆንስ? አንደኛ አንደኛ ነው።

ከሰዓት ዶክተር ማላቪካ መጣች። የሙቅ አገር ሰው፣ ሦስት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። የምታጠናው የያክ፣ የዚህ ጸጉራም የተራራ ከብታችን፣ ሆድ ነው። አየሩ በሳሳበት፣ ሣሩ በጠፋበት በዚህ ከፍታ ያክ እንዴት ይወፍራል? ላም ለምን ትከሳለች? የሁለቱ ድቅል፣ ዞ የምንለውስ፣ ለማን አደላ? የመልሱ ግማሽ ከቅድመ አያቶቻቸው በዘር የወረደ ነው ትላለች። ግማሹ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን። ሣሩን የሚያብላሉላቸው እነሱ ናቸው አሉ።

«እና የኔ ሥራ ምንድነው?» አልኳት።

«እበት መሰብሰብ።»

ሚስቴ ያንግስኪት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዕድሜ ልኩን ሲለቅም ኖሮ ዛሬ ሹመት ሆነለት!»

ትሳቅ። ለምድጃ መልቀምና ለሳይንስ መልቀም አንድ ነው እንዴ?

ሰኔ 14

ጎረቤቶቼን አሳመንኩ። ምላስ እንደኔ! እያንዳንዱ ጎረቤት ዘንድሮ ከሚያርዳቸው እንስሳት መረጠ። እንስሳው የባለቤቱ ነው፣ ለጥናቱ የምንወስደው እበቱን ብቻ። ብርዱ ሲገባና ሰው ሁሉ የዓመቱን ሥጋ ሲያርድ ደግሞ ዶክተሯ ከጨጓራቸው በማንኪያ ትጨልፋለች።

«የአሁኑ እበትና የዚያን ጊዜው ጨጓራ የአንድ እንስሳ መሆን አለበት» አለች። «እሱ ከሌለ ጥናቱ የለም። ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች የሚጠብቁት እሱን ነው።»

መሜ ፑንጾግ፣ የሰፈራችን አያት፣ ሁለት እንስት ያኮች ሰጡ። እኔ ናክፖን። ጥቁሩን ያኬን። ሲራመድ ስቡ ይናጣል... ባየሁት ቁጥር ድስቱ ይታየኛል።

ሰኔ 20

ዶክተሯ ያመጣችውን የጆሮ ፕላስቲክ ምልክት ያኮቹ እርስ በርስ ተላልሰው አኘኩት። «ከሩቅ የሚታይ ነገር ፈልግላቸው» ብላኝ ወደ ከተማ ወረደች።

ፈለግኩ። የያንግስኪትን ቀይ ሱፍ ወሰድኩና ዘርፍ ሠርቼ ጆሯቸው ላይ አሰርኩ። ሙሽራ መሰሉ!

«አንተ ሰውዬ» አለች ያንግስኪት፣ «ቀይ ክር ጆሮ ላይ የሚታሰረው ለየትኛው እንስሳ ነው?»

ይጠፋኛል እንዴ? ነፍሱ ለተማረለት ነዋ። ከዚያ ወዲያ አይታረድም፣ አይሸጥም፣ አይጫንም። ግን እሱ ጸሎት ሲደገምበት ነው። ጸሎት የሌለው ክር... ክር ነው።

ሰኔ 27

ዛሬ ምን ሆነ? የገዳማችን መነኩሴ ወደ መሜ ቤት ሲያልፉ ቀያዮቹን ጆሮዎች አዩ። ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህን ሁሉ ነፍስ የማረ ማነው?»

«ጉርሜት ነው!» አሉ መሜ። «ያ ጉረኛው ጉርሜት!»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። መነኩሴው ትከሻዬን ያዙ። «በዚህ ዘመን እንዳንተ ያለ ሰው!» ሰፈሩ በሙሉ ያየኛል። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም...

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሲመሰገን የሚከራከር ማነው?

መነኩሴው የያኮቹን ግንባር ቅቤ ቀቡ፣ ጸሎት ደገሙባቸው። አንድ በአንድ። ናክፖም ተደገመበት። ከዚህ በኋላ ባለቤቱም ቢሆን ቢላ አያነሳባቸውም፤ መነኩሴው ፊት እምቢ ያለ ጎረቤትም የለም።

ሐምሌ 2

ያንግስኪት አኩርፋኛለች። ከያኮቹ ጋር ታወራለች፣ ከኔ ጋር ግን የለም።

ነሐሴ 11

እበት። ብልቃጥ። እበት። ብልቃጥ። በያንዳንዱ ላይ የእንስሳውን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። ዶክተሯ ብልቃጦቹን ልትወስድ መጥታ «የእጅ ጽሑፍህ ከተማሪዎቼ ይሻላል» አለች። እውነቷን ነው።

ስለ ክሩ ልነግራት ነበር። ደስ ብሏት ሳያት... ነገ።

መስከረም 28

ነገ እላለሁ። ነገ ስንት ቀን ነው?

ጥቅምት 25

ዕርድ ተጀመረ። ዶክተር ማላቪካ ማንኪያና የበረዶ ሣጥን ይዛ ደረሰች።

«የኛዎቹ የታሉ?»

«አሉ... ይግጣሉ።»

«መቼ ነው የሚታረዱት?»

«አይታረዱም።»

«ዘንድሮ?»

«መቼም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ክሩን፣ መነኩሴውን፣ ዝምታዬን። የኩበቱ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ቢቆጣኝ የሚሻለኝ ሰው አለ፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። «አንድ ሙሉ ወቅት፣ ጉርሜት» ብቻ አለች። «ለገንዘብ ሰጪዎቹ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ጥናቱን ይዘጉታል እኮ።»

ክሩን ልቁረጠው? አሰብኩ። ጸሎት የተደገመበትን ክር ማን ይቆርጣል?

መሜ ጋ ሮጥኩ። «መሜ፣ እኔ ማንንም አልማርኩም! ምልክት ነበር ያሰርኩት!»

መሜ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «አንተ? ናክፖን ልትምር? ሥጋው በህልምህ እየመጣ? አውቄ እኮ ነው!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እነዚያ ሁለቱ እንስቶች ከሟች ባለቤቴ ጋር ያሳደግናቸው ናቸው። ማረዱ አስጠልቶኝ ነበር። አንተ ጉራህን ስትነፋ እኔ ተገላገልኩ።» ቀጥለውም «ለዚያች ለዶክተሯ ልጅ ግን ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ» አሉኝ።

ጥቅምት 26

ወደቅኩ። «ተነስ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ያንግስኪት የቅቤ ሻይ ቀዳችላት። ጠጣን።

ድንገት ዶክተሯ ኩባያዋን አስቀመጠች። «እነዚህ እንስሳት ከዚህ ወዲያ ከዚህ ሸለቆ አይወጡም ማለት ነው?»

«የት ይሄዳሉ?» አልኳት።

«እስኪያረጁ እዚሁ ናቸው? ጥጆቻቸውም አብረዋቸው?»

«ከእናታቸው ማን ይለያቸዋል?» አለች ያንግስኪት።

ዶክተሯ ተነስታ መንጎራደድ ጀመረች። «የታረደ ያክ የሚነግረኝ ያቺን አንድ ቀን ነው። እነዚህ ግን... ከእናት ወደ ጥጃ ምን እንደሚተላለፍ፣ ሲያረጁ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚጠፋ... እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ልከተላቸው እችላለሁ! የማይሸጥ የማይታረድ መንጋ የት ይገኛል?»

«ሞታቸውን ትተሽ ኑሯቸውን ልታጠኚ ነው?» አልኳት።

«ከፈቀዱልኝ።» አዲስ ዕቅድ ልትጽፍ ሳይመሽ ወረደች።

ህዳር 6

ወሬ የለም። ሰው ሁሉ ሥጋውን ሰቅሏል። የኛ መስቀያ ባዶ ነው። ያንግስኪት አትክልት ሾርባ ሠራች። ቀይ ሥር፣ ውሃ፣ እና የኔ ኃጢአት።

ጥናቱ ቢዘጋ... ዶክተሯ ከእንግዲህ ምን ፊት አላት? እኔስ? ዛሬ አልጎረርኩም። ያንግስኪት «አሞሃል?» አለችኝ።

ህዳር 19

ተፈቀደ!! ዶክተሯ ደወለች፤ ስልኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ተፈቀደ! በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ እበቱን የሚሰበስበው ሰው አይቀየር። ናክፖ ስድስት ዓመቱ ነው። ያክ ሃያም ያልፋል...

መሜ ሰምተው «ከናክፖ ቀድመህ እንዳትሞትና እንዳታሳፍረን» አሉኝ። ያንግስኪት ደግሞ የተረፈውን ቀይ ሱፍ ይዛ መጣች። «ጆሮህን አምጣ። አትሸጥም፣ አትታረድም። መጫኑን ግን እንጃ!» ታርቃኛለች ማለት ነው።

ታኅሣሥ 3

በረዶ እስከ ጉልበት። ጠዋት በጠባቧ መንገድ ናክፖ ፊት ለፊቴ መጣ። ድሮ ቢሆን በዱላ ወደ ጎን አደርገው ነበር። አሁን ግን ጀርባውን አየሁት፣ ሰፊ፣ ሙቅ፣ እንፋሎት የሚወጣው... ድስቱ አልታየኝም። ምን እንደበላ፣ እንዴት እንዳደረ ነው ያሰብኩት።

ግድግዳው ላይ ተለጥፌ መንገድ ለቀቅኩለት። ጌታ ይመስል ቀስ ብሎ አለፈ።

ብልቃጤን አውጥቼ ተከተልኩት።