አሚን ያላልኩበት ዱዓ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዐይንዎስ እንዴት ሆነልዎ? ያ ከቡታጅራ ያመጡት የዐይን ጠብታ በጀዎ ወይስ እንደ ልማድዎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ረሱት? የእማዬን ጉልበትስ ብርዱ እንዴት አደረገው? ዝናቡ ገባ? እንሰቱ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደኅና ነኝ። ልቤም ደኅና ነው ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ እርስዎ ደግሞ ውሸት ከሩቅ ይሸትዎታል።

በስልክ ያልነገርኩዎ እማዬን ፈርቼ ነው። ስልክ ሲደወል ድምፁን ከፍ አድርጋ ደጅ ትወጣለች፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ያዳምጣል። የቅርብ ጎረቤታችን ደግሞ የሱፍያን አባት ናቸው። ስለዚህ ወደዚያ ለሚመጣ ሹፌር አደራ ብዬ ይህን ጽፌያለሁ። እኅቴ አፍራ በሩን ዘግታ ታንብብልዎ። እሑድ ከመርካቶ ሽማግሌዎች ይመጡብዎታል፤ የሚመጡትም በእኔ ነገር ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስዎ ብዬ ነው የተጣደፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበትን የመጋረጃ ጨርቅ ማከፋፈያ ያውቁታል፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለው የሐጂ ጠሀ ሱቅ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ የወንድማቸው፣ የዚያ የጎረቤታችን ልጅ ሱፍያን ነው። ጨርቅ የሚልክላቸው የውጭ ድርጅት ሐጂን ወኪሉ ሊያደርጋቸው ፈልጎ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ሠራተኞችዎ ስለ መከባበር ትምህርት ይውሰዱ፣ አስተማሪዋም ያየችውን ትጻፍልን አላቸው። ለካ እንዲህ ያለ እንጀራም አለ አባዬ! ከድርጅት ድርጅት እየዞሩ ሠራተኛ አትሳደቡ፣ ሴት አታዋርዱ፣ የሰው ላብ አትብሉ ብለው የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ ይከፈላቸዋልም። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በነጻ ሲሉት የኖሩትን ማለት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቁ ተዘጋ። መርካቶ ውስጥ በሥራ ቀን ሱቅ ሲዘጋ ሰው የሞተ ስለሚመስል ጎረቤት ነጋዴዎች ማን ሞተባችሁ እያሉ ሲጠይቁን ነበር። አብነት አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ተናጋሪዋ አመተ ሥላሴ ትባላለች፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። መከባበር ለእናንተ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ተሸካሚዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የሐጂን ፊት አዩ። ሐጂ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይናገር ሱፍያን ማይክሮፎኑን ተቀብሎ እኛ እኮ አሠሪና ሠራተኛ አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ደሜ ፈላ።

አባዬ፣ ቀጥሎ ያለው ለአባት የሚጻፍ አልነበረም። አፍራ፣ አንቺም ሳታስቀሪ አንብቢው። ገበያተኛ ጨርቅ ሲመርጥ ጥቅሉን ለማውረድ ፎቅ ላይ ወዳለው መጋዘን እንላካለን። እዚያ ስገባ ሱፍያን ተከትሎኝ ይገባና በሩን ይዘጋዋል፤ ከዚያ እጁ አያርፍም። እየገፈተርኩ፣ እየጮህኩ፣ አንዴም በጨርቅ መለኪያው ብረት እጁን መትቼ ወጥቻለሁ። አላህ ጠብቆኛል። ሰውየው ያው ከእናቱ እጅ እሸት ስንበላ ያደግነው ሱፍያን ነው።

ከእኔ በፊት ዱንያ የምትባል ሻጭ ነበረች። እሷም ደርሶባት ለሐጂ ተናገረች። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወዲያው ሽማግሌ አስቀመጡ። ወንድሟን ጠሩት፣ ተመካከሩ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ወንድሟ አሚን አለ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ አሚን አለች። ሳምንት ሳይሞላ ሱፍያን ያንኑ ጀመረ። ደግማ ስትናገር ዱዓ የተደረገበትን ነገር መቀስቀስ እርግማን ያመጣል ብለው አፏን አዘጓት። ዛሬ ጎጃም በረንዳ መንገድ ዳር ካልሲ ትሸጣለች። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ካልሲዋን በላስቲክ ጠቅልላ ትሮጣለች። እንደዚያም ሆኖ ከመጋዘኑ ይሻለኛል ትለኛለች።

ወደ አዳራሹ ልመልስዎ። አመተ ሥላሴ ትምህርቷን ስትጨርስ ሐጂ ብድግ ብለው አመሰገኗት። እስከ ዛሬ በመካከላችን የተፈጠረ ቅሬታ ካለ ሁላችንም አውፍ፣ ይቅር እንባባል፣ እዚሁ ይዘጋ፣ በዱዓ እንጨርስ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። አዳራሹ በሙሉ እጁን ዘረጋ። ክርስቲያኖቹም አክብረው ዘረጉ፤ ተናጋሪዋ ራሷ ብዕሯን አስቀምጣ ዘረጋች። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። በጀግንነት እንዳይመስልዎ አባዬ፣ አልነሣ አለኝ። አሚን ብል ለዱንያም ለእኔም በሩን ራሴ መዝጋቴ ነው።

ሐጂ ዱዓቸውን አቋረጡ። ካሚላ ልጄ፣ አሞሽ ነው ወይ አሉኝ። አላመመኝም ሐጂ፣ የተበደለ ሰው ሳይጠየቅ የሚደረግ ዱዓ ላይ አሚን አልልም አልኳቸው። ሱፍያን ሊስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት ግን የለም። ያኔ አመተ ሥላሴ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ መለሰችና ይቅርታ ሐጂ፣ ስብሰባችን አላለቀም ማለት ነው ብላ ተቀመጠች። ያለውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገርኩ፤ ሱፍያን ግን በሰው ፊት ካደ።

አመተ ሥላሴ ኋላ ለብቻዬ አግኝታኝ እውነቱን ነገረችኝ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ማባረርም ማሰርም አልችልም፤ ነገሩ ካልተዘጋ አልተዘጋም ብዬ እጽፋለሁ፣ አቅሜ ይኸው ነው አለችኝ። ለውጭው ድርጅት የምትጽፈው ሰኞ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ የሚጣደፉትም ለዚሁ ነው። ሐጂ በማግስቱ ጠርተውኝ እንደ ልጃቸው እየመከሩ፣ ከአባትሽ ጋር እንጨርሰዋለን፣ እሱ አሚን ካለ አንቺም ትያለሽ አሉኝ። ሱፍያን ደግሞ በር ላይ ጠብቆ አፍራ ፈተናዋን ስትጨርስ እዚሁ ሱቅ ቦታዋ ተዘጋጅቶላታል አለኝ። እሱ ያለውን ስሰማ ከራሴ ይልቅ ለእሷ ፈራሁ።

አባዬ፣ እዚህ ስንት ሰው ቢቆጣኝ እችለዋለሁ። እርስዎ አሚን ካሉ ግን ከቃልዎ አልወጣም፣ አፌ ያን ቀን ይዘጋል። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? እንዳይንቁዎ ፈራሁ። ያቺ ባልቴት የእንሰት ማሳዋን የተነጠቀች ጊዜ አልረሳሁትም። ሽማግሌው ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ እርስዎ እጅዎን ከጋቢዎ ሳያወጡ ቀሩ። እሷ በቃኝ ሳትል ዱዓ ከአፌ አይወጣም ብለው ስንቱን አስኮረፉ! ማሳዋ ተመለሰላት። በበሩ ቀዳዳ አይቼዎ ነበር፤ ማክሰኞ እጄ ያልተነሣልኝም ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹን አክብረው ይቀበሏቸው፣ ያብሏቸው፣ ይሸኟቸው። ከዚያ ግን ሱፍያን ከመጋዘኑ ይነሣ፣ ዱንያ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ በሰው ፊት የካደውን በሰው ፊት ይመን ይበሉልኝ። ይህ ሲሆን ዱዓው እርስዎ ቤት ይደረግ፣ መጀመሪያ አሚን የምለው እኔ ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ አታልቅስ፣ ደኅና ነኝ። ታናሼ ፉርቃንን ያ ትምህርት ቤት የሸሸበት እግሩ እንዴት ነው በሉልኝ። አክስቴን፣ የመስጊዱን ሰዎች ሁሉ፣ የሱፍያንንም እናት ሳይቀር ሰላም በሉልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም።

አፍራዬ፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ እዚህ ከደረስሽ ጎበዝ ነሽ። ሻንጣሽን ገና አታውጪው።

አባዬ፣ ዐይንዎ ቢደክምም እሑድ ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ፣ የእርስዎ እጅ ከጋቢዎ ከመውጣቱ በፊት፣ ይህን ያነበበችልዎን ልጅ አንዴ ቀና ብለው ይዩልኝ።

ልጅዎ ካሚላ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.