የቀኙ የኋላ ጎማ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልተነሳችም። ማለቴ ተነሳች፣ ሦስት ጊዜ አስነጠሰች፣ ጠፋች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ካርቡራቶር ፈታሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ መልሼ ፈታሁ። ጣቶቼ እስካሁን ቤንዚን ቤንዚን ይላሉ።

ስልሳ ስድስት ሞዴል ቮልስ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሰው በቅዳሜው ይተኛል፣ ኳስ ያያል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ሒሳብ ሳርም ከርሜ፣ ቅዳሜና እሑድ ከታላቄ ጋር እጣላለሁ። ምን ሆኜ ነው?

ምትኩ አራት ሰዓት ላይ መጣ። የሚስቴ የውዳሴ ታላቅ ወንድም ነው። ሚስቴንም ቮልሷንም ያገኘሁት በእሱ በኩል ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ አስተያየት አለው። ገብቶ ፔዳሉን ረገጠ።

"ፍሬኑ ወለል ይነካል እኮ!"

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ..."

"መቆም የማትችል መኪና ማስነሳት ምን ያደርግልሃል?"

እውነቱን ነው። ግን አነጋገሩ... ሁልጊዜ እንደ ታላቅ፣ ሁልጊዜ ትክክል። አናዶኝ ዋለ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የፍሬን ቀን። ሶማሌ ተራ ሳምንቱን ሙሉ ያፈላለግነው የፍሬን ዕቃ ተገኘ። የኋላ ሁለቱን ጎማዎች አወለቅን። እሱ ግራውን ያዘ፣ እኔ ቀኙን። የ11 የዳዶ ቁልፍ ያለችን አንድ ብቻ ናት።

"ጨርስና ስጠኝ!" አልኩት።

"ቆይ እንጂ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ለአንዲት ዳዶ ግማሽ ሰዓት?"

እንዲህ ስንባባል ረፈደ። በመሃል ከትምህርት ቤት ተደወለ፣ የፈተና ወረቀት ጉዳይ። ቅዳሜ እንኳ አይተዉኝም። ስልኩን ጨርሼ መጥቼ ጎማዬን አሰርኩ። ምትኩ አየሩን ከፍሬን ዘይቱ መስመር አስወጣ፣ ፔዳሉን ረገጠና "አለቀ" አለ።

ከዚያ... ተነሳች! እስከ ሀይሌ ጋርመንት ሄደን ተመለስን። የታክሲ ረዳቶች በሙሉ ፈገግ እያሉ ሲያሳልፉን። ፍሬኑም ያዘ፣ ጥንቅቅ አድርጎ። ውዳሴ በሩ ላይ ቆማ አጨበጨበችልን። በሦስት ዓመት ውስጥ ከግቢ የወጣችበት የመጀመሪያው ቀን።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ተጋጨን። ውዳሴ እጇ ተሰብሯል። ፍሬን እምቢ አለ። ነገ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ብስራተ ገብርኤል የውዳሴ አክስት ዘንድ እየሄድን ነበር። ከላፍቶ ወደ ታች ቁልቁለቱን ስንጀምር ረገጥኩ... ባዶ። ደጋግሜ ረገጥኩ። እግሬ ወለል ላይ ቀረ። ፊት ለፊታችን ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። አንዲት ሴትዮ ሕፃን አዝላ እየወረደች ነበር፤ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይታየኛል። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገባን። አሸዋው ባይኖርስ?

ስንገባ ውዳሴ ዳሽቦርዱን በእጇ ተደግፋ ነበር። ቀኝ እጇ፣ ከአንጓዋ ላይ። ጀሶ አደረጉላት። ስድስት ሳምንት አሉን። እኛ ሆስፒታል ሳለን መኪናዋን በገመድ ስቦ እዚህ ግቢ ያስገባት ምትኩ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ሙዝ ይዞ መጣ። ገና በሩ ላይ ሳለ ጮህኩበት።

"ልትገድለን ነበር! አየሩን ያስወጣኸው አንተ! አለቀ ያልከው አንተ!"

አየኝ። ከዚያ ውዳሴን አያት። እሷም፣

"ምትኩ፣ እውነት ነው?" አለችው።

"እግዜር ይማርሽ እህቴ።" ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። አንድም ቃል አልተከራከረኝም። ያ ሁሉን የሚያውቅ ሰው! ጥፋቱን ቢያውቅ ነዋ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ያለ ምትኩ ሁለተኛው ቅዳሜ። ቮልሷ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የፊት ፓራፋንጎዋ፣ የጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። ሸራውን ገለጥኩ፣ አየኋት፣ መልሼ አለበስኳት። እጄ አልሄድልህ አለኝ።

ውዳሴ ፀጉሯን እንኳ ራሷ ማሰር አልቻለችም፤ እኔ አስራለሁ። ትስቅብኛለች። ወንድሟ ሲደውል ግን ስልኩን ትገለብጠዋለች። ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወለ። "አንሺው እንጂ" አላልኳትም። ደስ ብሎኛል እንዴ? ትንሽ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ምን ብዬ ልጻፈው?

ፓራፋንጎውን እንዲያቃኑልኝ ጋሽ ዳዲን ጠራሁ። ከሀና ማርያም በታች የሚኖሩ፣ አርባ ዓመት መካኒክ የነበሩ፣ አሁን በወላጆቻቸው መሬት ቅሪት ላይ ጎመን የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ፓራፋንጎውን ትተው ከኋላ ገቡ። በጀርባቸው ተኝተው ከሥሩ ዳሰሱ።

"ማነው ይቺን የገጠማት?"

"የትኛዋን ጋሽ ዳዲ?"

"የቀኙን የኋላ። የፍሬን ቱቦዋን ዳዶ በጣቱ አዙሮ ትቷታል። ቁልፍ አልነካትም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ዘይቱ በሙሉ በዚህ ወጥቶልሃል። ይቺ ሞዴል ደግሞ መስመሯ አንድ ነው፤ አንዱ ጋ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም።"

"የግራውስ?"

"የግራው እንደ አለት ነው። ያን የገጠመው ሰው ጎበዝ ነው። የቀኙን ማን ገጠመው?"

"እንጃ" አልኳቸው። ለሽማግሌ ዋሸሁ።

ቁልፏ ምትኩ እጅ ነበረች። እስኪሰጠኝ ብዬ ዳዶዋን በጣቴ አዞርኳት። ስልኩ ጮኸ። ተመለስኩና... ጎማውን አሰርኩ። የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስፈልግ የምውል ሰው፣ የራሴን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ አላየሁም። አራት ሳምንት ሙሉ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ለውዳሴ አልነገርኳትም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደክሟታል ብዬ። ሰበብ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የውዳሴና የምትኩ እናት ሙት ዓመት የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። በየዓመቱ ምትኩ ቤት ነው የሚደረገው።

"አልሄድም" አለች ውዳሴ ምሳ ላይ። "እናቴ ብትኖር ምን ትለው ነበር? መጥቶ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀኝም። በስህተት ነው እንኳ አላለኝም።"

አሁን ንገራት! አሁን! ጉርሻዬን በውሃ አወረድኩት።

"እንደፈለግሽ" አልኳት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ ማለት ነው?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሌት ተቀን ሲበላኝ ከረመ። ዛሬ ተነስቼ ሀይሌ ጋርመንት ሄድኩ። ምትኩ እዚያ የመስታወት መቁረጫ ሱቅ አለው። ሲያየኝ መስታወቱን መቁረጡን አላቆመም።

"የቀኙ ነው" አልኩት። "ዳዶውን አላጠበቅኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ቆርጦ ጨረሰ። ጠርዙን በጨርቅ ጠረገ።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እናንተ ሆስፒታል ሳላችሁ። ጎትቼ ሳስገባት የቀኙ ጎማ በዘይት ርሶ ነበር። ገብቼ አየሁት።"

"ታዲያ ስጮህብህ ለምን...?"

"ምን ልበል? እህቴ አልጋ ላይ እጇን ታቅፋ፣ 'ባልሽ ነው የሰበረሽ' ልበላት? እኔን ብትቀየመኝ ወንድሟ ነኝ፣ የትም አልሄድም። አንተን ብትቀየምህስ? አብራችሁ ነው የምታድሩት።"

ገና አልጨረሰም። ድምፁ ከፍ አለ፤ መስታወት ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ዞሮ አየን።

"ደግሞ ጻድቅ ነኝ ብለህ እንዳታስብ። ተናድጃለሁ። ነገ ይመጣል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር። ሰው እንዴት የራሱን ሥራ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አያይም? ስንት ቅዳሜ ነው ኢያቄም? ስንት ጊዜ ደወልኩላት?"

"ስድስት ቅዳሜ።"

"ለእኔ ነገርከኝ። እኔማ አውቀው ነበር። ሂድና ለእሷ ንገራት።"

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ያለ ምክንያት፣ ያለ ስልክ ጥሪው፣ ያለ ቁልፏ። "እኔ ነኝ" ብቻ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሁለት ሳምንት ሆነኝ።"

"ሁለት ሳምንት..." ጀሶውን በግራ እጇ ያዘችው። "መርሳትህ አይደለም። ሰው ይረሳል። ወንድሜን ሳማ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር። ምሳህን እየበላህ።"

ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ከመስኮቱ ሆኜ የሰማሁት "ምትኬ..." ብቻ ነው። ከዚያ ልቅሶ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

"ጨው አቀብለኝ።" የሳምንቱ ረጅሙ ንግግራችን።

ጀሶው ተፈታ። ብቻዋን ሄዳ አስፈታችው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሙት ዓመቱ። ምትኩ ቤት ወንበር ተሸከምኩ፣ ሰሃን አጠብኩ። ውዳሴና ምትኩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ። ለዘመዶቹ ሁሉ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ "ይሁን፣ ነፍስ አልጠፋ" አሉ። ውዳሴ ቀና አላለችም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሳልጠራው ምትኩ መጣ። ሰላም አለኝ፣ ልብሱን ቀየረ፣ ከቮልሷ ሥር ገባ። ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ያጠበቅኳቸውን የፍሬን ዳዶዎች አንድ በአንድ በቁልፍ ሞከራቸው። ድሮ ቢሆን በንዴት እፈነዳ ነበር። አሁንም ተናደድኩ፤ ግን የእጅ ባትሪውን አብርቼ ይዤለት ቆምኩ። አንዷ ሩብ ዙር ዞረችለት። አላየኝም።

ሲጨርስ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። ውዳሴ ነጠላዋን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ምትኩ ይንዳ" አለች። "እኔ ከፊት። አንተ ከኋላ።"

ወንበሩን አጥፌ ገባሁ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ሞተሩ ጀርባዬ ላይ ያጓራል፤ ከፊት የሚያወሩት አይሰማም። አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የላፍቶው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደረስን። የውዳሴ ትከሻ ከፍ ሲል አየሁ። ምትኩ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ረገጠ። ቮልሷ አንገቷን ደፋ አደረገች፣ ያዘች። እንደገና ለቀቀ፣ ረገጠ። ያዘች። ታች ደርሰን መንገዱ ሜዳ ሲሆን ትከሻዋ ወረደ።

ብስራተ ገብርኤል አክስታቸው ጋ ልንደርስ ስንል፣ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ያን እጇን። ከጀሶው የወጣው አንጓዋ ከሌላው ቀጥኗል። መዳፏ ላይ ቆሎ አለ።

"እንካ" አለችኝ።

ተቀበልኳት።