ያልተጠየቀውን የጠየቁት የሲስተር ወለላ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ወለላ ሐብተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሐብተ ማርያም ንጉሤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ አየነው ኅዳር 17 ቀን 1963 ዓ.ም. በወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ተወለዱ። በዚያ ዓመት የአባታችን ቀፎ ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ስማቸው ወለላ ተባለ። ስድስት ወንድምና እኅት ነበርን። ሌሎቻችን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ስንደበቅ፣ እርሳቸው ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው እንግዳውን በጥያቄ ያደርቁት ነበር። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ፋንታሁን ይህን የምጽፈው እያለቀስኩም እየተደሰትኩም ነው። በለቅሶ ቀን ምን ደስታ አለ የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ትምህርታቸውን በአምባ ጊዮርጊስና በጎንደር ተከታትለው በ1986 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ፤ ምደባቸውም አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ሆነ። በዚያ መንገድ አውቶቡስ ከሚነዱት ከአቶ ሰውአገኝ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር ተዋወቁ። አቶ ሰውአገኝ ለጤና ጣቢያው የሚላከውን የመድኃኒት ካርቶን በረዳት አልልክም ብለው ራሳቸው እየተሸከሙ ያደርሱ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ፤ ልጃቸው ሚስጥር በ1989፣ የሻው ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ተወለዱ።

ቀጥሎ ያለው የሚነበበው በአቶ ሰውአገኝ ፈቃድ ነው። እንዲያውም «እሱን ካልጻፍክ ስለ እርሷ ምንም አልጻፍክም» ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። በዚህ ቅዱስ ቦታ ስለማነሣው ነገር አባቶች ይፍቱኝ።

በ1993 ዓ.ም. የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የአቶ ሰውአገኝን ወገብ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት አልጋ ለዩ። ሦስት ዓመት! እርሳቸው «ወንድነቴ አበቃ» ብለው ዝም፣ እኅታችንም «ጠላኝ» ብለው ዝም። ያዩዋቸው ሐኪሞች መሪ መያዝ ይችሉ እንደሆነ፣ ዕቃ ማንሣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ስለ ትዳራቸው የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እኅታችን በ1995 ዓ.ም. ሁለት ልጆች ይዘው፣ ቤታቸውን ወደ ጎንደር አዙረው እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ ትምህርቱም ፊዚዮቴራፒ፣ ሕመምን በሰውነት እንቅስቃሴ የማከም ሙያ ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ ሕመምን የፈራ ሰው ጡንቻው እንደሚኮማተር፣ የተኮማተረ ጡንቻም ሕመሙን እንደሚያባብሰው ተማሩ። ያን ዕለት በእግራቸው እየሮጡ ቤት ገቡ።

«ሰውአገኝ፣ የለየኸኝ ጠልተኸኝ ነው ወይስ ወገብህን ፈርተህ?»

አቶ ሰውአገኝ ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ «ፈርቼ ነው» አሉ። ዝርዝሩ የባልና ሚስት ነው። ትራስ በትክክለኛው ቦታ ከማድረግ፣ በየጠዋቱ ወገብን ከማፍታታትና ከትዕግሥት ያለፈ መድኃኒት ግን አላስፈለገም።

በ1999 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ የሕክምና ተቋም ሥራ ጀመሩ። ወገቡን ታሞ የመጣውን ሁሉ ስለ እርሻው፣ ስለ ሸክሙ፣ ስለ ስግደቱ ከጠየቁ በኋላ በሩን ይዘጋሉ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ከባለቤትዎስ ጋር ወገብዎ መኝታ ላይ ይከለክልዎታል?» ይላሉ። መመለስ ያልፈለገን አያስገድዱም። በሴት ፊት ያፈረ ወንድ ቢኖር ወደ ባልደረባቸው ወደ አቶ ዐብዱልከሪም ይመሩታል። አቶ ዐብዱልከሪም መጀመሪያ ላይ ከታካሚው ይልቅ የሚያፍሩት እርሳቸው እንደነበሩ ትናንት ድንኳን ውስጥ ሲነግሩን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ።

በ2001 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ እንጀራቸውን ሊያሳጣቸው ነበር። አያ መለሰ የሚባሉ የወገራ ገበሬ ጥያቄውን እንደ ሰሙ ከአልጋው ወርደው፣ «ምነው፣ እግዜርን አትፈሪም? ሴት ልጅ እንዲህ ትጠይቃለች?» ብለው ወጡ፤ ለኃላፊዎችም አመለከቱ። ኃላፊዎቹም ሲስተር ወለላን «ነውር ተናግረዋል» በሚል ከሥራ ለማገድ ስብሰባ ጠሩ። አያ መለሰ ለምስክርነት ሲመጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውቢትም ተከትለው መጥተው በር ላይ ቆሙ። ለካ ሁለቱ ሊፋቱ ነው! ሽማግሌዎች ንብረት ለማካፈል ቀን ቆርጠውላቸው ኖሯል።

አያ መለሰ ክሳቸውን ተናግረው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ውቢት ወደ መካከል ገቡ።

«አንተ ሰው፣ ይች ልጅ የጠየቀችህ እኔ ዓመት ሙሉ ልጠይቅህ ፈርቼ የዋጥኩትን ነው። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነው ፍቺ ያልኩት። ወገብህ ከሆነ ምነው አትነግረኝም?»

አያ መለሰ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩና፣ «ወገቤ ነው እንጂ፤ ሌላማ ማን አለኝ?» አሉ።

ከስብሰባው መካከል እልል ያለ ሰው ነበረ! ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያመነ የለም። ክሱ እዚያው ቀረ። ባልና ሚስቱ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ሕክምና ክፍሉ ገቡ። በስድስተኛው ሳምንት አያ መለሰ ሞፈር ጨበጡ፤ ንብረት ሊያካፍሉ የመጡት ሽማግሌዎችም ጠላ ጠጥተው፣ መርቀው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው! ከወለቃ ሸክላ ሲሠሩ ወገባቸው የጎበጠ ሴቶች «እኛንም ጠይቂን» ብለው መጡ። ጥያቄው በታካሚ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ታተመ። እኅታችን ወጣት ባለሙያዎችን ቁጭ አድርገው፣ ሳይሽኮረመሙ እስኪጠይቁ ድረስ እርስ በርስ ያለማምዷቸው ነበር። ሁሉም ተሳካ አንልም፤ የተለያዩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ በእነርሱም አዝነዋል። ሆኖም «ወገቡ ሳይጠየቅ የፈረሰ ትዳር አልወድም» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የጉበት ሕመም አገኛቸው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ሊሻላቸው አልቻለም። አቶ ሰውአገኝ መኪናቸውን አቁመው ከአጠገባቸው ሳይለዩ አስታመሟቸው። ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ47 ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

እናታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ባለቤታቸው አቶ ሰውአገኝ፣ ልጆቻቸው ሚስጥርና የሻው፣ አምስት ወንድሞችና እኅቶች ከእርሳቸው በኋላ ቀርተናል።

ወገኖቼ፣ እስቲ ዞር ብላችሁ ግቢውን እዩልኝ። ከወገራ፣ ከአዲ አርቃይ፣ ከከተማው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጥንድ ጥንድ ሆኖ መጥቶ ቆሟል። ብዙዎቻችሁን አናውቃችሁም፤ ለምን እንደ መጣችሁም አንጠይቅም። ስለ መጣችሁ ግን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ትዳርን የባረከ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለእናታችን ብርታቱን፣ ለልጆቻቸው ዕድሜውን፣ ለአቶ ሰውአገኝ መጽናናቱን ይስጥ። እናንተም በሰላም ወደ ቤታችሁ ያግባችሁ፤ ስትገቡም ተነጋገሩ።