ግቢዬ ውስጥ የተተከለ ድንኳን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጄ መሠረት ሥራዋን ትታ በሳይክል ከተራራ ተራራ መዞሯ፣ ሜዳ ላይ ማደሯ አንሶ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ያቺን የምታድርበትን ድንኳን አጥባ እንዲደርቅላት ግቢዬ ውስጥ ተከለችው። እዚህ አቃቂ ሰርግ በሌለበት ድንኳን ከተተከለ ለቅሶ መሆኑን ረስታው!

ጎረቤቴ አስካለ በአጥር አይታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የዕድር ሴቶች አስከትላ እያለቀሰች ገባች።

"እኔን እህቴን! ማን ተለየሽ?"

"ማንም አልሞተም! የዚች መኝታ ነው።"

"ይሄ? ለውሻ እንኳ አይበቃም!" አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ እየሳቀች።

መሠረትም ሳቀች። "እማዬ፣ አለሁ እኮ!"

"ንቀይው! አሁኑኑ ንቀይው!"

ነቀለችው። ጠቅልላ ሳይክሏ ላይ አሰረችና፣ "ባሌ ተራሮች ስደርስ እደውላለሁ" ብላ ስማኝ ሄደች። ጅቡስ? ብርዱስ? እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ፣ ፋብሪካ ውስጥ አርጅቼ እሷን ያስተማርኳት ሜዳ ላይ እንድታድር ነው?

ሴቶቹን ሂዱ ማለት አቃተኝ። እነሱም አልተነሱም። ድንኳኑ ሳሩን ያስተኛበትን ቦታ እያየን፣ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው እስከ ቀትር አብረን ተቀመጥን።