ቁጠባችን ስለወሰደው የመማሪያ ክፍል

ለክቡር አቶ ይድነቃቸው
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

“ቁጠባ እኮ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ያለ በጀት አይሠራም።”

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል የሰማሁት ባለፈው ሐሙስ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ቁርጥ ቤት፣ ከጎኔ ከነበረው ጠረጴዛ ነው። ተናጋሪው ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ፊቱን አላየሁም፤ ጀርባው ላይ ግን “ብክነትን እንጸየፋለን” የሚለውን የጽሕፈት ቤትዎን ካናቴራ አንብቤያለሁ። ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ የተናገረውን ጓደኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ሳሰላስለው፣ ከሻንቶ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ባለው ትምህርት ቤታችን ላለፉት ሰባት ወራት የሆነውን ሁሉ የሚያስረዳ ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ስብሰባ የማይቋረጥ፣ ጉልበትዎም እንደ መስክ መኪናዎ ጎማ በየዓመቱ የሚታደስ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የሳይንስ መምህራችን ዳልጮ ባለፈው መስከረም ጠመኔ ማለቁን አይቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ጀሶ በውሃ በጠበጠ፤ በተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ቱቦ ውስጥ አፈሰሰው፤ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ትንሽ ይፈረፈራል እንጂ ይጽፋል። ጥፋታችን ይህን በወርኃዊ ሪፖርት ላይ ማስፈራችን ነው፤ ያሰፈርኩትም እኔ ነኝ። በጥቅምት ወር ጽሕፈት ቤትዎ “በብክነት ቅነሳ ሞዴል ትምህርት ቤት” ብሎ ሰየመን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምድ ሊቀስም የሚመጣ እንግዳ ተቋርጦብን አያውቅም። ከአረካ በኩል መጡ፣ ከቦዲቲ መጡ፣ ስማቸውን ካርታ ላይ ፈልጌ ካገኘኋቸው ወረዳዎችም መጡ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ምሳ፣ የታሸገ ውሃና አንድ ባነር ያስፈልጋል። ባነሩ ላይ ቀን ባንጽፍበት ለሁሉም እንግዳ ያገለግላል ብዬ በትሕትና ጠይቄ ነበር፤ ቀን የሌለው ባነር ለሪፖርት ማስረጃ እንደማይሆን ተነገረኝ። ዕውቀት ነውና ተቀበልኩ።

መምህር ዳልጮ ዛሬ ጠመኔ አይሠራም፤ ጠመኔ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ቀድሞ የሠራውም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእይታ ስለተቀመጠ አይነካም። የምንጽፍበትን ከሶዶ እንገዛለን።

ሁለተኛ። ለዚያ የመስታወት ሣጥን ክፍል ሲፈለግለት የተመረጠው የመምህርት አሳየሽ ክፍል ነው። አሳየሽ መስማት የተሳናቸውን አሥራ አንድ ልጆች በምልክት ቋንቋ ታስተምራለች፤ እንዲህ ያለ ክፍል በወረዳችን ሌላ የለም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑም ጥሩ ስለሆነ ለእንግዳ የሚመች መሆኑን አልክድም። የምርጫውን ምክንያት ከእርስዎ ዘንድ የመጡት ባለሙያ ሳይደብቁ ነገሩን፦ “እነሱ እንደሆነ አይሰሙ፣ አይረበሹ፤ የትም ቢቀመጡ ያው ናቸው።” ስለ ግልጽነታቸው አመሰግናለሁ።

ያው ግን አልሆኑም። ከኅዳር ጀምሮ የሚማሩት ግቢው ጫፍ ካለው አቮካዶ ሥር ነው። ክቡርነትዎ በጃንጥላ ሥር ቆመው የአርባ ደቂቃ ንግግር ማድረግ እንደሚችሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጁ የሚናገር ሰው ግን አንድ እጁ ጃንጥላ ከያዘ ግማሽ አንደበቱ ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ አሳየሽ ጃንጥላ አትይዝም፤ እየራሰች ታስተምራለች። በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ያያቸዋል፤ እነሱም መምህርታቸውን ትተው ባጃጁን ያያሉ። ትምህርታቸው በዓይን ነውና ዓይን ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ ወደየቤታቸው ይሰናበታሉ። አንዳንዶቹ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡ ናቸው።

ሦስተኛ። ስለ ባነሮቹ ለብቻው ላመስግን። አሳየሽ ያገለገሉ ስድስት ባነሮች ለምና፣ በመርፌ ሰፍታ፣ በአቮካዶው ቅርንጫፎች ላይ ወጠረቻቸው። አሥራ አንዱም ልጆች “ብክነትን እንጸየፋለን” በሚል ጣሪያ ሥር ለአሥር ቀናት ሳይረጥቡ ተማሩ፤ በእኔ ግምት ለዚህ ዘመቻ ከወጣው ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው ያ ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን የንብረት ክፍል ሠራተኞች መጡና፣ ባነሮቹ ከመዝገብ ውጪ አገልግሎት ላይ የዋሉ የመንግሥት ንብረት በመሆናቸው አወረዷቸው፤ ስፌቱን ፈትተው፣ ቆጥረው፣ አጥፈው መጋዘን አስገቧቸው። መጋዘኑ ዝናብ አያስገባም።

አራተኛ። በመጋቢት ወር ከሩቅ ዞን የመጡ እንግዶች ጠመኔውን አድንቀው ሲወጡ ልጆቹን ዛፉ ሥር አዩና በጣም ደስ አላቸው፤ የአየር ላይ ትምህርት የሚባለው አዲስ ዘዴ መሰላቸው። የአሥር ዓመቷ ሶልያና ተነሥታ በእጇ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። የቡድኑ መሪ “ምን እያለች ነው የኔ እህት?” ብለው ጠየቁ። አሳየሽም፣ “እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው፣ ጋሼ” አለቻቸው። ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሣ። እኔ ከእነሱ ጋር ስውል ጥቂት ምልክት ለቅሜያለሁ፤ ልጅቷ ያለችው “ሥዕሎቻችንን ከግድግዳው ላይ ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ?” ነበር።

አምስተኛና የመጨረሻው ስለ ራሴ ስለሆነ፣ ከረዘመ ይቅርታዎ አይለየኝ። ክፍሉ ለልጆቹ እንዲመለስ ለመጠየቅ ስነሣ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለትምህርት ቤቱ ብክነት ቅነሳ ኮሚቴ መሆኑ ተነገረኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ በሌለሁበት የተመረጥኩ። ስለዚህ ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ተቀበልኩት፤ ገቢ ቁጥር ሰጠሁት፤ “ጉዳይዎ በመታየት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠባበቁ” ብዬ ለራሴ መልስ ጻፍኩ፤ መልሱንም ፈርሜ ወሰድኩ። ኮሚቴው ሰባት አባላት ሲኖሩት ውሳኔ የሚያሳልፈው አምስቱ ሲገኙ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ከሦስት በላይ ሆነን ተቀምጠን አናውቅም፤ የቀሩት አባላት፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንደኛ ሞዴል እንዲሆኑ ለማገዝ በየወረዳው ልምድ ልውውጥ ላይ ናቸው። ከጸሐፊነት ልነሣ ብዬ አመለከትኩ፤ መልቀቂያዬን የሚያጸድቀው ኮሚቴው ነው። ዝውውር ጠየቅሁ፤ የሞዴል ትምህርት ቤት መምህር ያካበተውን ልምድ ይዞ መሄድ የለበትም ተባልኩ። በመጨረሻ መምህራኑ ተሰብስበን የሞዴልነቱን የምስክር ወረቀት መልሰን እናስረክብ ብለን በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ሞዴልነት የሚነሣው ትምህርት ቤቱ አባካኝ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ በደብዳቤ አሳወቀን፤ አባካኝነታችንን የሚያረጋግጠውም ያው ኮሚቴ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ወደዚህ አገር ስመደብ ለሁለት ዓመት ነው ተብዬ ነበር፤ ዘንድሮ ዘጠነኛዬ ነው። አገሩን ወድጄዋለሁ፤ ሰዉም ወዶኛል፤ ስለዚህ የማማርረው ስለ አገሩ አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ ማንበብ እወዳለሁና ስለተከበቡ ከተሞች ብዙ አንብቤያለሁ፤ በረኀብ የተከበበ አለ፣ በጦር የተከበበ አለ። በምስክር ወረቀት የተከበበ ግን ከኛ በቀር አላገኘሁም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉን ይመልሱላቸው። የመስታወት ሣጥኑን ለሁለት ሆነን እናነሣዋለን፤ ከዳልጮ ጋር ማንም ሳያየን ሞክረነዋል። የእርስዎ ቢሮ ቢገባ ያምርበታል፤ እንግዳውም ወደዚህ ድረስ ባልደከመ።

እንግዲህ ምልዓተ ጉባኤዎ እንዳይጎድል፣ የባነርዎ ቀለም እንዳይደበዝዝ፣ የሚቆጥቡትም ነገር ከእጅዎ እንዳይጠፋ በመመኘት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ በሞዴሉ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር፣ የብክነት ቅነሳ ኮሚቴውም የማይለቀቅ ጸሐፊ፣

መክብብ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ብክነት ቅነሳ ኮሚቴ (ደርሶኛል)

ሳልረሳ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ስለደረሰን እጄን ሰብስቤ ሰነበትኩ። ጥያቄያችን በበጎ እንደታየ፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ባለሙያ መጥቶ እንደሚቆጥር፣ አሥርና ከዚያ በላይ ልጆች በቦታቸው ከተገኙ ክፍሉ እንደሚመለስ፣ ከአሥር ካነሱ ግን ለጥቂት ልጆች አንድ መምህርት መድቦ ማቆየት ብክነት በመሆኑ ትምህርቱ እንደሚቋረጥ ይገልጻል። ለወራት ጥያቄ በአንድ ገጽ መልስ መስጠት የቀለም ቁጠባ ነውና አመሰግናለሁ። አሳየሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ዞራ ለወላጆች ነገረች። ሰኞ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። ቆጣሪው በሰዓቱ ደረሰ። ከዛፉ ሥር የተገኙት አራት ልጆች ናቸው።