ለብቻ የቀረበው ገበታ

ለተወደድሽው ታናሽ እህቴ ለሚየን፣

ሰላምታዬ አንቺንም ቤትሽንም በደህና ያግኛችሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያስቸገረሽ የትከሻ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ራልፍ በሥራው በርትቷል? ልጅሽ ማይስ እንደ ድሮው ምግብ እየመረጠች ታስቸግራችኋለች ወይስ አደብ ገዝታለች? ላይፕዚግ ውስጥ ብርዱ መግባቱን ሰምቻለሁና ራስሽን ጠብቂ። እኛ አለን። እዚህ ሁዌ ዝናቡ ሳያባራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ የወንዙ ውሃ ግን እስካሁን ከደጃችን ሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ባለቤቴ ካም ደህና ናት። የልጅ ልጃችን ቪ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። የእናታችንን ጤንነት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልነግርሽ አልችልም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ካም ምሳ ላይ ያነሳችውን ፎቶግራፍ አይተሽ፣ «ጋሼ፣ እማማ ፊት ያለው የዓሣ ድስት ምን ይሠራል? ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ የለፋሁት?» ብለሽ ጽፈሻል። ወዲያው መልሼልሽ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን የምጸጸትበት ቃል ይወጣኝ ነበር። ስለዚህ ቁጣዬ እስኪበርድ ቆየሁ። አልበረደም። ቢሆንም አሁን ቢያንስ በሥርዓት ልቆጣ እችላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስሽ። በጁን ወር እናታችን ገበያ መካከል ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውም ስኳራቸውም ከፍ ማለቱን ነግሮን፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ ሩዙን እንዲመጥኑ፣ ጠዋት ጠዋት እንዲራመዱ መክሮ አሰናበተን። ከአንቺ ዘንድ ግን ዐሥራ ሦስት ገጽ መመሪያ፣ አንድ የማእድ ቤት ሚዛንና ስድስት ጣሳ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን የምግብ ዱቄት መጣልን። አራተኛው ገጽ የእናታችን ምግብ ተመዝኖ፣ ሌላው ሰው ከሚበላው ተለይቶ፣ ለብቻቸው ይቅረብ ይላል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና የተጻፈውን እንደ አዋጅ ተቀበልኩት።

በቤታችን ከሩዙ ድስት አጠገብ ያለው ቦታ የማን እንደሆነ አንቺ አይጠፋሽም። አያታችን በገዛ እጃቸው ጭልፋውን ካስረከቧቸው ቀን ጀምሮ እናታችን ከዚያ ቦታ ተነሥተው አያውቁም። ለእያንዳንዳችን የሚጨልፉት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛውን ሳህን ሳልጨርስ ስመልስ ችሎት ላይ ከባድ ነገር እንደገጠመኝ ያውቁ ነበር። አንቺን ትኩሳት ሊይዝሽ ሲል ከሁላችን ቀድሞ የሚነግራቸው ጭልፋው ነበር። ሁላችንም ከጠገብን በኋላ ከድስቱ ግርጌ የተያያዘውን ቅርፊት ፈልፍለው፣ ጨዋማው የዓሣ ማጥቀሻ ውስጥ እየነከሩ ሲበሉ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ መቼም አልረሳሽውም። ሐኪሙን ያስደነገጠው ይኸው ቅርፊትና ይኸው ማጥቀሻ ነው፤ ይህን አልክድም። ጨውን በተመለከተ እውነቱ ከአንቺ ጋር ነበር።

እኔ ግን ጨውን ልቀንስ ብዬ እናቴን ከድስቱ አጠገብ አስነሣሁ። የዓሣው ሽታ እንዳያምራቸው ብዬ ምሳቸውን ከእኛ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጌ ፊተኛው ክፍል ውስጥ አስቀርብላቸው ጀመር። የተቀቀለ የዶሮ ደረት፣ ጨው ያልነካው ጎመን፣ በሚዛን የተለካ ሩዝ፣ ከጎኑ ያንቺ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ። እኛ እስኪጨርሱ ቆመን እንጠብቃለን። ጥቂት ይነካኩትና «በቃኝ» ይላሉ። የተረፈውን ካም እንዳይደፋ ብላ ትበላዋለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ቡኦይ በአጥሩ በኩል አይታ፣ «አንተ ዳኛ፣ እናትህ ምን አጥፍተው ነው ያሰርካቸው?» ስትለኝ ሳቅሁ። የሳቅሁበትን ቀን አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

እናታችን አላማረሩም። አንቺም በየቅዳሜው ደውለሽ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ኪሏቸው ስንት ደረሰ?» በሦስት ወር ስድስት ኪሎ መቀነሳቸውን ስነግርሽ በስልኩ ውስጥ አጨበጨብሽ። ያን ሳምንት ያ አረንጓዴ የድንጋይ አምባራቸው፣ ያለ ሳሙና ከእጃቸው ወልቆ የማያውቀው፣ ፊታቸውን ሲታጠቡ እንዲሁ ሾልኮ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ከውሃው አውጥተው ጠረጉትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አየሁና ዝም አልኩ። ይህንን ከአንቺ ይልቅ በራሴ ላይ ነው የማስቆጥረው።

ከዚያ የአባታችን ሙት ዓመት ደረሰ። ካም ከንጋት ጀምራ ስትሠራ ውላ አባታችን የሚወዱትን ሁሉ አዘጋጀች፤ ዝንጅብል የገባበት የወንዝ ዓሣ፣ በሎተስ ፍሬ የተሠራ ሾርባ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ተጣባቂ ሩዝ። እንደ ደንቡ የእሳቸው ድርሻ በአንድ ገበታ፣ ከአንድ ሳህንና ከአንድ ጥንድ የመብያ እንጨት ጋር መሠዊያው ላይ ቀረበ። የዕጣኑን ዘንጎች ለኮስኩ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። በዚህ መካከል እናታችን ለራሳቸው የተዘጋጀችውን ያችን ትንሽ ገበታ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ፤ ከአባታችን ገበታ ጎን አስቀመጧት፤ ወንበር ስበው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ዕጣኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነዋ» አሉኝ። «ለአባትህም የማደርገው ይህንኑ ነው። ለብቻው አቀርብለታለሁ፣ ወደኋላ ብዬ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ ሲበቃው አንሥቼ ትራፊውን ለቤተሰቡ እሰጣለሁ። እኔንም ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ ስታደርጉኝ መሞቴን የነገረኝ የለም እንጂ ገብቶኛል።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሚየን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባለጉዳዩን ሳልሰማ የፈረድኩበት አንድም ሰው የለም፤ ባለጉዳዩ የዶሮ ሌባም ቢሆን ሰምቼዋለሁ። ሳልሰማ የፈረድኩት በእናቴ ላይ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩሽ። አንቺም፣ «ጋሼ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፣ እንደ ሕፃን ያኮርፋሉ። ቁጥሩ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳታቋርጡ» አልሽኝ። ስልኩን የዘጋሁት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። እወቂው። አኮረፉ ያልሻቸው እናት፣ አንቺ ታመሽ ምግብ አልወርድ ባለሽ ጊዜ ሩዙን እያላመጡ ያጎረሱሽ ናቸው። ያን ጊዜ ስንት ግራም እንደጎረስሽ የመዘነ አልነበረም።

እኔ ያንኑ ዕለት ሚዛኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ጭልፋውንም በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላቸው። አልተቀበሉኝም። «ነሥተህ በውሳኔ፣ መልሰህ በውሳኔ፤ እዚህ ችሎት ነው እንዴ?» አሉኝ። ከእኛ ጋር ቢቀመጡም ሁለት ጉርሻ ወስደው የመብያ እንጨታቸውን ያስቀምጣሉ። ይህ አንድ ሳምንት ቀጠለ። በእውነት ፈራሁ። ሰውነታቸው ረኀብን ረስቶት ነበር።

ያዳነን የእትዬሽ የካም ብልኀት ነው። አንድ ቀን ምሳ ከመድረሱ በፊት ማጥቀሻውንና ሎሚውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ የልጅዎም ግፊት ወጥቷል። ሐኪሙ ቤቱ በሙሉ ጨው ይቀንስ ይላል። እኔ ስቀንስ ደግሞ ዳኛው እንደ ሳር ነው ይለኛል። እርስዎ ካልያዙልኝ እኔ አልችለውም» አለቻቸው። ግፊቴ መውጣቱ እውነት ነው፤ ለአንቺ አልነገርኩሽም ነበር። እናታችን ከራስ ፀጉሬ እስከ ጥፍሬ አዩኝ። «ይኼ ከልጅነቱም ማጥቀሻ ጠጪ ነው» አሉ። ከዚያም ሙቀጫውን አስመጡ። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ወቀጡ፣ ሎሚ ጨመቁ፣ የዓሣውን ማጥቀሻ በግማሽ ቀንሰው በሞቀ ውሃ አቀጠኑት፤ ቀመሱ፣ ሎሚ ጨመሩ፣ ደግመው ቀመሱ። ምሳ ሲቀርብ ማንም ሳይጠራቸው ሄደው ከድስቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት የሚለካው ምግብ የእኔ ነው። ሦስተኛ ሳህን ስዘረጋ ጭልፋውን ወደራሳቸው መልሰው፣ «ዳኛው፣ ይግባኝ የለም» ይሉኛል። ካም ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል። እሳቸው አንድ ሳህን ሩዝ፣ ብዙ ጎመን፣ የዓሣውንም ጭራ ይበላሉ። ቅርፊቱን ከቪ ጋር ለሁለት ይካፈሉታል፤ እየተጣሉበት። ባለፈው ሐሙስ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊታቸውን ለክታ ሐኪሙ ከተመኘውም ዝቅ ማለቱን ነገረችን። ኪሏቸውን አልጠየቅኩም። አምባሩ ግን እጃቸው ላይ ተመልሷል።

እንግዲህ የዓሣው ድስት ምን ይሠራል ላልሽው መልሱ ይህ ነው። ከዱቄቱ የተረፉትን ሁለት ጣሳዎች ለወይዘሮ ቡኦይ አሳማዎች ሰጥተናል፤ እነሱ አላማረሩም። ሌላ እንዳትልኪ። በየቅዳሜው ስትደውዪም ከእኔ ጋር ስለ እሳቸው አታውሪ፤ ስልኩን ለእሳቸው እሰጣለሁ፣ ምን ጣፈጥዎት ብለሽ ጠይቂያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው እሁድ ቪ ፎቶግራፍሽን አይታ አንቺን አስባ ኖሮ ገበታው ላይ አንድ ትርፍ ሳህን አኖረችልሽ። እናታችን ሳህኑን አነሡና መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ባዶ ሳህን የሚቀመጠው መምጣት ለማይችል ነው፤ ሚየን መምጣት ትችላለች» አሏት። እኔ ከዚህ የበለጠ የምቆጣበት ቃል የለኝም። ለአዲሱ ዓመት ነይ። ስትቀመጪም በልጅነትሽ እንዳስተማሩሽ፣ የመብያ እንጨትሽን ከማንሣትሽ በፊት አስቀድመሽ እሳቸውን «እማማ፣ ይብሉ» በያቸው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።

ለራልፍ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማይን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ካም በትከሻሽ ላይ የምትቀቢው የዝንጅብል ዘይት በሚመጣ ሰው እልካለሁ ብላለች። ቪ ጥርሷ ሲወልቅ አላለቀስኩም በልልኝ ብላለች፤ አልቅሳለች። እናታችንም ይህን ሳነብላቸው አዳምጠው፣ «ቁጣው በዛ፣ ጨው ቀንስለት» አሉኝ፤ እኔ ግን አልቀነስኩም። ቀጥለው ያሉትን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ «እኔ ምን እንደበላሁ መጠየቁን ትተወው፤ ስትመጣ ምን መብላት እንደሚያምራት ትጻፍልኝ።»

ታላቅ ወንድምሽ ዶአን

ሁዌ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.